ቁጥሩ እኩል ሆኖ ለምን ኤክስ ተደረገብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እኩልታ ባላንስ ማድረግ ከጀመርን ወዲህ ኬሚስትሪ አስጠልቶኛል። ፈተና ላይ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ የሚሰጡበትን እኩልታ አመጣጥኑ ተባልን። ግራ በኩል ሁለት ኦክስጅን አለ፣ ቀኝ በኩል ግን አንድ ብቻ። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ካለው ኦክስጅን ሥር ትንሽ ሁለት ጻፍኩበት። ሃይድሮጅኑ ሁለት በሁለት፣ ኦክስጅኑም ሁለት በሁለት ሆነ። ግን ኤክስ ተደረገብኝ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ትንሿ ቁጥር አትነካም፣ ሕጉ ነው» ተባልኩ። ጓደኞቼ አይተው ቶሎ ይሞላሉ። እኔ እየሞከርኩ፣ እየሰረዝኩ ወረቀቱ ይቀደዳል። ጭንቅላቴ ለሳይንስ አልተፈጠረም ማለት ነው? ደግሞስ ይህን ሁሉ ቁጥር ማመጣጠን ለምን ይጠቅማል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለዚያ ኤክስ እንነጋገር። ቆጠራሽ ልክ ነው። ሁለት በሁለት፣ ሁለት በሁለት፣ ምንም አልጎደለም። ኤክሱ የመጣው ከቆጠራው አይደለም። ጥያቄው ስለ ውሃ ነበር፣ አንቺ የጻፍሽው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላስታውስሽ። የንጥረ ነገሮቹን ምልክት እዚህ ላይ እንደምንጠራቸው በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ። ኤች ሃይድሮጅን ነው፣ ኦ ኦክስጅን፣ ሲ ካርቦን። አንቺ ደብተርሽ ላይ በለመድሽው መንገድ ገልብጪው።

የተሰጠሽ እኩልታ ይህ ነበር፦

ኤች₂ + ኦ₂ → ኤች₂ኦ

አንቺ እንዲህ አደረግሽው፦

ኤች₂ + ኦ₂ → ኤች₂ኦ₂

ኤች₂ኦ₂ ከአየር ላይ የፈጠርሽው ነገር አይደለም፣ በእውን ያለ ነው። ስሙ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይባላል። ፀጉርና ወረቀት ለማንጣት ይጠቀሙበታል። በጣም የቀጠነው ጀርም ይገድላል። ጠንከር ያለው ደግሞ ቆዳ ያቃጥላል። ከውሃ የሚለየው በአንድ ኦክስጅን ብቻ ነው፣ ግን የሚጠጣው አንዱ ብቻ ነው። ትንሿን ቁጥር ስትነኪ ያመጣጠንሽ ይመስልሻል እንጂ ዕቃውን ቀይረሽዋል።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ሲኦ₂ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አሁን እየተነፈስሽ የምታስወጪው። ከሥሩ ያለችውን ሁለት ስታጠፊያት ሲኦ ይሆናል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ሲጣበቅ ኦክስጅንን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። ለዚህ ነው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል የሚያነዱ ሰዎች ተኝተው ሳይነሱ የሚቀሩት። በሁለቱ ጋዞች መካከል ያለው ልዩነት ያቺ ሥር ላይ ያለች ትንሽ ሁለት ናት።

ስለዚህ «ሕጉ ነው» የሚለው መልስ ስላላረካሽ አልፈርድብሽም። ምክንያቱ ሲነገርሽ ሕጉን መሸምደድ አያስፈልግሽም። ትንሿ ቁጥር አንዱ ሞለኪውል ከምን እንደተሠራ ትናገራለች። ይህን የወሰነው ተፈጥሮ ነው። ከፊት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ደግሞ እንዲህ ያለ ሞለኪውል ስንት እንዳለ ይናገራል። አንቺ የምትወስኚው ይህን ብቻ ነው። ውሃውን ሁለት አድርጊው፣ ኦክስጅኑ ሁለት ይሆናል። ሃይድሮጅኑ ግን አሁን አራት ሆነ፣ ግራ በኩል ያለውን በሁለት አባዢው፦

2ኤች₂ + ኦ₂ → 2ኤች₂ኦ

አለቀ። ውሃው ውሃ እንደሆነ ቀረ።

«ታዲያ ውሃ ኤች₂ኦ መሆኑን ማን አወቀ?» ብትዪኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ይህን ማንም በቀላሉ አላገኘውም። የአቶምን ንድፈ ሐሳብ ያቆመው እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን እ.ኤ.አ. በ1808 ባሳተመው መጽሐፉ ላይ ውሃን ያሰበው አንድ ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን አድርጎ ነው። በኛ አጻጻፍ ኤችኦ ማለት ነው። ኤች + ኦ → ኤችኦ። ተመልከቺው፣ ፍጹም የተመጣጠነ ነው! ግን ስህተት ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሳዊው ጌ ሉሳክ ጋዞችን በይዘት ሲለካ ሁለት እጅ ሃይድሮጅን ከአንድ እጅ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሁለት እጅ የውሃ ተን እንደሚሰጥ አሳየ። ጣሊያናዊው አቮጋድሮ በ1811 ምክንያቱን አብራራ። እኩል ይዘት ያላቸው ጋዞች፣ ሙቀታቸውና ግፊታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ፣ እኩል የሞለኪውል ብዛት አላቸው አለ። የኦክስጅን ሞለኪውል ደግሞ ለሁለት የሚከፈል ጥንድ ነው። ሰሚ ግን አላገኘም። ሌላው ጣሊያናዊ ካኒዛሮ በ1860 ካርልስሩኸ ላይ በተደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ሐሳቡን እንደገና አንስቶ እስኪያስረዳ ድረስ ወደ 50 ዓመት ገደማ ኬሚስቶች በውሃ ቀመር እንኳ አልተስማሙም ነበር።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ላስጠናሽ ብዬ አይደለም። አንድ እኩልታ መመጣጠኑ ብቻውን እውነት አያደርገውም። መጀመሪያ የእያንዳንዱ ነገር ቀመር ልክ መሆን አለበት፣ ማመጣጠን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ያንቺም ዋና ችግር እዚያ ነው ያለው። ቀመር ከየት እንደሚመጣ ሳይገባሽ ወደ ማመጣጠኑ ተገፍተሻል። ስለዚህ አንድ ሳምንት እኩልታውን ተዪውና ቫለንሲ ላይ ቁጭ በዪ፣ ማለትም አንድ ንጥረ ነገር ሲዋሃድ ስንት ኤሌክትሮን እንደሚሰጥ ወይም እንደሚቀበል። አሉሚኒየም ሲዋሃድ ሦስት ኤሌክትሮን ይሰጣል። ኦክስጅን ሁለት ይቀበላል። ሰጪና ተቀባይ እኩል የሚሆኑት ስድስት ላይ ነው። ሁለት አሉሚኒየም ስድስት ይሰጣል፣ ሦስት ኦክስጅን ስድስት ይቀበላል። የአሉሚኒየም ምልክት ኤኤል ስለሆነ ቀመሩ ኤኤል₂ኦ₃ ሆነ። እንዲህ እያልሽ አሥር አሥራ አምስት ቀመር ራስሽ ከሠራሽ ትንሿ ቁጥር ለምን እንደማትነካ ማንም አይነግርሽም፣ እጅሽ ራሱ እንቢ ይላል።

አሁን ወደ «ለምን እናመጣጥናለን?» እንምጣ። ኬሚካላዊ ለውጥ ወይም ሪአክሽን ሲካሄድ በአቶሞች መካከል የነበረው ትስስር ይፈርስና አዲስ ትስስር ይሠራል። አቶሞቹ ግን ያው ናቸው። አይጠፉም፣ አይፈጠሩም፣ ካርቦን ወደ ብረት አይቀየርም። ውሃ ሲፈላ የሚወጣው አረፋ ሪአክሽን አይደለም፣ ምክንያቱም ኤች₂ኦ ተን ቢሆንም ያው ኤች₂ኦ ነው። እንጨት ሲነድ፣ ብረት ሲዝግ፣ ሁለት ጥርት ያሉ ፈሳሾች ተቀላቅለው ከሥር ዝቃጭ ሲቀር ግን አዲስ ነገር ተፈጥሯል። ሙቀት፣ ብርሃን፣ የቀለም ለውጥ፣ ጋዝ፣ ሽታ ምልክቶቹ ናቸው።

አቶም አይጠፋም የሚለውን ዛሬ በቀላሉ እንናገረዋለን። ዓይን ግን ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። እንጨቱ ነድዶ ከጭብጥ የማትሞላ አመድ ይቀራል። ብረታ ብረት ደግሞ ሲቃጠል ክብደቱ ይጨምራል። ኬሚስቱ ሮበርት ቦይል በ1673 ባሳተመው ጽሑፉ ብረታ ብረትን በታሸገ ዕቃ ውስጥ ካሞቀ በኋላ ክብደቱ መጨመሩን አየ። የመዘነው ግን ዕቃውን ከከፈተ በኋላ ነበር። ስለዚህ ከእሳቱ የወጣ አንዳች ነገር በመስታወቱ አልፎ የገባ መሰለው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቮዚየ በ1774 ቆርቆሮ ወስዶ ያንኑ ሠራ፣ ግን ሳይከፍት መዘነ። ክብደቱ ምንም አልተለወጠም። ሲከፍተው አየር ፉት ብሎ ገባ፣ ክብደቱ የጨመረው ያኔ ነው። ቆርቆሮው የወሰደው ውስጥ ከነበረው አየር ነበር። የሁለቱ ሰዎች ሙከራ አንድ ነው ማለት ይቻላል፣ የለያቸው ሚዛኑ ላይ የወጣበት ሰዓት ነው። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል። አንቺ ደብተርሽ ላይ ግራና ቀኙን ስትቆጥሪ የምትሠሪው ላቮዚየ በሚዛን የሠራውን ነው። ዕቃውን ዘግተሽ የገባውንና የወጣውን እያመሳከርሽ ነው።

አሁን እጅ ወደሚያፍታታው ሥራ እንግባ። ጓደኞችሽ ዝም ብለው አይተው የሚሞሉት ቅደም ተከተል ስላላቸው ነው፣ አንዳንዶቹም እንዳላቸው አያውቁም። ካንቺ የሚለዩት በሱ ይመስለኛል። ፕሮፔን የሚባለውን ጋዝ እንውሰድ፦

ሲ₃ኤች₈ + ኦ₂ → ሲኦ₂ + ኤች₂ኦ

ብዙ ተማሪ ከኦክስጅን ይጀምራል፣ እዚያው ይጠመዳል። ኦክስጅን ቀኝ በኩል ሁለት ቦታ ላይ ገብቷል። አንዱን ስታስተካክዪ ሌላው ይበላሻል፣ ወረቀቱ የሚቀደደውም በዚህ ምክንያት ነው። ግራ በኩል ግን ብቻውን ቆሟል። ብቻውን የቆመ ንጥረ ነገር ፊቱ ላይ የፈለግሽውን ቁጥር ብትጽፊ ሌላ ማንንም አይረብሽም። ስለዚህ እሱን መጨረሻ ላይ አድርጊው። ከካርቦን ጀምሪ። ግራ ሦስት ካርቦን ስላለ ቀኝ 3ሲኦ₂ ጻፊ። ሃይድሮጅኑ ስምንት ነው፣ እያንዳንዱ ውሃ ሁለት ይይዛል፣ ስለዚህ 4ኤች₂ኦ። አሁን ቀኝ በኩል ያለውን ኦክስጅን ቁጠሪ፤ ስድስት እና አራት፣ አሥር። ኦክስጅን በጥንድ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አምስት ጥንድ፦

ሲ₃ኤች₈ + 5ኦ₂ → 3ሲኦ₂ + 4ኤች₂ኦ

አንድም ስርዝ የለም። ግምትም የለበትም፣ እያንዳንዱ ቁጥር ቀጣዩን ጎትቶ አመጣው።

አንዳንዴ ጥንዱ ይጎድላል። ቡቴንን ሲ₄ኤች₁₀ በዚሁ መንገድ ከሄድሽበት 4ሲኦ₂ እና 5ኤች₂ኦ ታገኛለሽ። ቀኝ በኩል ያለው ኦክስጅን 13 ይሆናል፣ ለሁለት አይካፈልም። ብዙ ልጅ እዚህ ላይ የተሳሳተ ይመስለውና ሁሉንም ሰርዞ እንደገና ይጀምራል። እባክሽ አትሰርዢ። ስድስት ተኩል ብለሽ ጻፊ፣ ለጊዜው። ከዚያ ሁሉንም በሁለት አባዢ፦

2ሲ₄ኤች₁₀ + 13ኦ₂ → 8ሲኦ₂ + 10ኤች₂ኦ

የአሉሚኒየሙን ደግሞ እንይ። ቀመሩን ከላይ ራሳችን አግኝተነዋል፦

ኤኤል + ኦ₂ → ኤኤል₂ኦ₃

ግራ ኦክስጅን ሁለት ሁለት እያለ ይመጣል፣ ቀኝ ሦስት ሦስት እያለ። የሚገናኙት ስድስት ላይ ነው። ግራ 3ኦ₂፣ ቀኝ 2ኤኤል₂ኦ₃። አሉሚኒየሙ አራት ሆነ፣ ግራ ብቻውን ስለቆመ ፊቱ አራት ጻፊለት። 4ኤኤል + 3ኦ₂ → 2ኤኤል₂ኦ₃።

ቅንፍ ያለበት እኩልታ ሲመጣ ተማሪው ሁሉ ይደነግጣል፣ የሚገርመው ግን ብዙ ጊዜ የሚቀልለው እሱ ነው። ውሃ ለማጣራት የሚያገለግለውን ይህን ተመልከቺ። ሲኤ ካልሲየም፣ ኤስ ሰልፈር ነው፦

ኤኤል₂(ኤስኦ₄)₃ + ሲኤ(ኦኤች)₂ → ኤኤል(ኦኤች)₃ + ሲኤኤስኦ₄

ከቅንፉ ውጭ ያለችው ቁጥር ውስጥ ያለውን ሁሉ ታበዛለች። (ኤስኦ₄)₃ ማለት ሦስት ሰልፈርና 12 ኦክስጅን ነው። ግን እንዲህ መበተን አያስፈልግሽም። ሰልፌት የሚባለው ኤስኦ₄ ግራም አለ፣ ቀኝም አለ፣ ሳይፈርስ ተሻግሯል። ስለዚህ እንደ አንድ ዕቃ ቁጠሪው። ግራ ሦስት ሰልፌት፣ ስለዚህ ቀኝ 3ሲኤኤስኦ₄። ካልሲየም ሦስት ሆነ፣ ስለዚህ ግራ 3ሲኤ(ኦኤች)₂። ኦኤች ስድስት ሆነ፣ ስለዚህ ቀኝ 2ኤኤል(ኦኤች)₃። አሉሚኒየሙ ሁለት በሁለት፣ ራሱን ችሎ ገጠመ።

ወደፊት በዚህ መንገድ የማይገፉ እኩልታዎች ይመጡብሻል። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ከፊት የሚጻፉት ቁጥሮች 2፣ 16፣ 2፣ 2፣ 5፣ 8 ናቸው። ያንን በሙከራ ማግኘት አድካሚ ነው፣ ለዚህም የኤሌክትሮን ቆጠራ የሚባል ሌላ መንገድ አለ። ጊዜው ሲደርስ ትማሪዋለሽ። አሁን አታሳስቢ ራስሽን።

ስለ ጭንቅላትሽ ግልጽ መልስ ልስጥሽ። ለሳይንስ አልተፈጠርኩም የሚል ልጅ «ቁጥሩ እኩል ሆኖ ለምን ተሳሳትኩ?» ብሎ አይጠይቅም። ኤክሱን አይቶ ያልፋል። አንቺ አላለፍሽም። ፍጥነት በልምምድ ይመጣል፣ ይህን ዓይነት ጥያቄ መጠየቅ ግን ለማንም በልምምድ አይሰጠውም። ብትዘገዪም አትፈሪ። ስትጨርሺ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አድርጊ። እያንዳንዱን ንጥረ ነገር ግራና ቀኝ እንደገና ቁጠሪ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ብዙ ማርክ ያድናል።

ጥቅሙን በተመለከተ፣ ያቺን የፕሮፔን እኩልታ መልሰሽ እያት። ካርቦን 12፣ ሃይድሮጅን 1፣ ኦክስጅን 16 ብለን ብናሰላ 44 ግራም ፕሮፔን ሙሉ በሙሉ ለመንደድ 160 ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል። 132 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድና 72 ግራም ውሃ ይወጣል። ግራው ሲደመር 204፣ ቀኙም 204። ኦክስጅኑ ካነሰስ? ያኔ ሌላ እኩልታ ይካሄዳል፦

2ሲ₃ኤች₈ + 7ኦ₂ → 6ሲኦ + 8ኤች₂ኦ

ለአንድ ፕሮፔን አምስት የነበረው ኦክስጅን ሦስት ተኩል ሆነ፣ የሚወጣውም ያ ገዳዩ ጋዝ ነው። በእውን ብዙ ጊዜ ሁለቱም ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፣ ኦክስጅኑ ባነሰ ቁጥር መርዙ ይበዛል። ማሞቂያና ምድጃ የሚሠሩ መሐንዲሶች ምን ያህል አየር መግባት እንዳለበት ሲያሰሉ የሚጀምሩት ከነዚህ ቁጥሮች ነው። መኪና ሲጋጭ ለሚነፋው የአየር ከረጢትም ያው ነው። ለረጅም ጊዜ ከረጢቱን የሚነፋው ሶዲየም አዛይድ የሚባል ውህድ ሲፈርስ የሚወጣው ናይትሮጅን ነበር። ከ130 ግራሙ 84 ግራም ናይትሮጅን ይወጣል። ከረጢቱ በልክ እንዲነፋ ዱቄቱ በልክ መመዘን አለበት፣ ልኩን የሚነግረው የተመጣጠነው እኩልታ ነው።

አንድ ነገር ግን እኩልታው አይነግርሽም። ሪአክሽኑ መቼና በምን ፍጥነት እንደሚካሄድ። ሃይድሮጅንና ኦክስጅን በአንድ ዕቃ ውስጥ ተቀላቅለው ለዓመታት ዝም ብለው ሊቀመጡ ይችላሉ። አንዲት ብልጭታ ካገኙ ግን ይፈነዳሉ። በሁለቱም ጊዜ እኩልታው ያው 2፣ 1፣ 2 ነው።

ለመለማመጃ ሦስት ልስጥሽ። ኤንኤ ሶዲየም፣ ኤን ናይትሮጅን፣ ኤፍኢ ብረት ነው፦

ኤንኤኤን₃ → ኤንኤ + ኤን₂

ሲ₂ኤች₆ + ኦ₂ → ሲኦ₂ + ኤች₂ኦ

ኤፍኢ₂ኦ₃ + ሲኦ → ኤፍኢ + ሲኦ₂

የመጀመሪያው የአየር ከረጢቱ ነው። ሁለተኛው ላይ ያ ተኩል ይመጣብሻል፣ አትደንግጪ። ሦስተኛው ከማዕድን ብረት የሚወጣበት ነው፣ ከሦስቱም እሱ ይከብዳል። ፍንጭ ልስጥሽ፦ እያንዳንዱ ሲኦ ከማዕድኑ የሚወስደው አንድ ኦክስጅን ብቻ ነው። ሠርተሽ ላኪልኝ። የሰረዝሽውንም ሳትቀጂ ላኪው፣ የት ቦታ ላይ እንደምትጠመጂ የማየው ከስርዙ ነው።